ገደሉን በየት በኩል እንውጣው? በኮምፒውተር በሚሠሩ የምናብ ካርታዎች ላይ ገደልን እውነተኛ ስለማስመሰል



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ከርዕሰ መምህር ቢሮ የሚቀርበው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ መማሪያ ክፍሎች እድሳትና ስለ ቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ነው። ዘንድሮ ግን ስለ አንድ ገደል ልንጽፍላችሁ ወስነናል። ገደሉ በየትኛውም አገር አይገኝም። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪያችን በኮምፒውተር የሣለችው፣ «ደመና አምባ» የምትባል የምናብ አገርን የሚከብብ ገደል ነው። ስለዚህ ገደል የተነሣ አንድ ጥያቄ የካርታ ክበባችንን ሥራ ከሥሩ ስለለወጠው፣ እኛንም ብዙ ስላስተማረን፣ የተማርነውን ለሁላችሁም ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካርታ ክበቡ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍል ይሰበሰባል። ተማሪዎቹ በልባቸው የፈጠሩትን አገር ከነተራራው፣ ከነወንዙና ከነከተማው ይሥላሉ። በወላጆች ቀን ሥራዎቻቸው በቀለም ታትመው በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። «ደመና አምባ» ከሁሉም ደምቃ ትታይ ነበር። እንግዶች አደነቁ፤ እኛም አደነቅን። በዚህ መካከል ከወደቡ ወደ መሐል አገር ጭነት በማመላለስ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ አንድ የከባድ መኪና አሽከርካሪ አባት ካርታው ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። ከዚያም ተማሪዋን ጠርተው፣ «የኔ ልጅ፣ ጭነት ይዤ ብመጣ ይህን ገደል በየት በኩል ነው የምወጣው?» አሏት።

«ጋሼ፣ እሱ አይወጣም፤ ገደል እኮ ነው» አለቻቸው።

«ታዲያ ከላይ ያሉት ሰዎች ጨው ከየት ያመጣሉ?»

መልስ አልነበራትም። እኛም አልነበረንም። በማግሥቱ ሐሙስ ተማሪዋ ካርታዋን ከግድግዳው አውርዳ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ስህተቱ የቱ ላይ ነበር?

የመጀመሪያው ገደል አሣሣሉ መጥፎ አልነበረም። ወፍራም ጥቁር መስመር አገሪቱን እንደ አጥር ዙሪያዋን ከብቧታል፤ ከመስመሩ በታች ግራጫ ጥላ አለ። ነገር ግን ገደሉ በሁሉም በኩል እኩል ውፍረት፣ እኩል ከፍታ ነበረው። ወንዝ አይሰብረውም፣ ድንጋይ ከሥሩ አልተከመረም፣ መንገድም አይነካውም። በአጭሩ ግንብ እንጂ ገደል አልነበረም። ግንብን ሰው በፈለገበት ቦታ ያቆመዋል። ገደልን ግን መሬት በራሷ ምክንያት ትሠራዋለች፤ ከሠራችው በኋላም ውኃው፣ እንስሳው፣ ሰውና መኪናው ሁሉ አካሄዱን በእሱ መሠረት ያስተካክላል።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ገደል በካርታ ላይ እውነተኛ የሚመስለው የመጣበት ምክንያትና ያስከተለው ውጤት ሲኖረው ነው። የብሩሽና የጥላ ዘዴ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

ገደል ከየት ይመጣል?

ይህን ለመመለስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የምንኖርባት ጅቡቲ ራሷ የገደል መማሪያ መጽሐፍ ናት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ክበቡን ይዘን ወደ አሳል ሐይቅ ወረድን። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ ዝቅ ያለው ስፍራ ነው። ወደዚያ ስንቃረብ ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ ሜዳ አንድ ጊዜ አይወርድም፤ እንደ ደረጃ እየተቆረጠ፣ እየተቆረጠ ነው የሚወርደው። የእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ መሬት የተሰነጠቀችበት መስመር ነው። የአረቢያና የአፍሪካ የመሬት ቅርፊቶች እርስ በርስ ስለሚራራቁ መሐሉ እየሰመጠ ይሄዳል። ይህም የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በኅዳር ወር፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በዚያው አካባቢ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ መሬቱ በአዲስ መልክ ተሰነጣጥቋል።

ከዚህ ለካርታ ሠሪ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በመሬት መሰንጠቅ የሚፈጠር ገደል ቀጥ ወደማለት ያዘነብላል፤ ብቻውን አይቆምም፤ ከጎኑ ከእሱ ጋር ትይዩ የሆኑ ሌሎች ገደሎች ይኖራሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው መሬትም ጠባብ ሜዳ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው የገደል አባት ወንዝ ነው። ብዙ ወላጆች ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ የዓባይን ሸለቆ አቋርጠዋል። ጥልቀቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወንዝ የቆረጠው ገደል እንደ ስንጥቅ ቀጥ አይልም፤ ከወንዙ ጋር ይጠማዘዛል። ገደሉ በወንዙ በሁለቱም ወገን ይቆማል፤ ወደ ዋናው ወንዝ የሚገቡ ትናንሽ ጅረቶችም ግድግዳውን በየቦታው ፈልፍለው እንደ ጣት የተዘረጉ ፈፋዎችን ይሠራሉ። ስለዚህ ተማሪ የወንዝ ገደል ሲሥል መጀመሪያ ወንዙን መሣል አለበት፤ ገደሉ ተከትሎ ይመጣል።

ሦስተኛው የድንጋይ ንብርብር ነው። የስሜን ተራሮች፣ ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ገሞራ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ቀዝቅዞ ከፍ ያለ አምባ ሠራ። ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ልል የሆነው ደግሞ ይሸረሸርና ዘንበል ያለ ቁልቁለት ይሆናል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ድንጋይ «ትራፕ» ይሉታል፤ ቃሉ «ደረጃ» የሚል ትርጉም ካለው የስዊድን ቃል የመጣ ነው። በካርታ ላይም ገደሉን በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ከማውረድ ይልቅ፣ ገደል፣ ቁልቁለት፣ እንደገና ገደል እያደረጉ በመቀነት መልክ መሥራት እጅግ እውነተኛ ያስመስለዋል። ዙሪያው ተሸርሽሮ መሐሉ ሲቀር ደግሞ አምባ ይባላል። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው በገመድ መሆኑን ልጆቻችን ከታላላቆቻቸው ሰምተዋል፤ ያ ገመድ ገደሉ ያስከተለው ውጤት ነው።

አራተኛው የባሕር ሞገድ ነው። ሞገድ ወደ ባሕሩ የገባውን የመሬት አፍንጫ ከሥሩ እየቦረቦረ ገደል ያደርገዋል፤ የሸረፈውንም አሸዋና ጠጠር ወደ ባሕረ ሰላጤው ወስዶ ይከምረዋል። ስለዚህ የአገሪቱን የባሕር ዳርቻ በሙሉ በገደል ማጠር ስህተት ነው፤ ገደሉ ከአፍንጫው ላይ፣ አሸዋው ከጉያው ውስጥ ይሁን።

ተማሪያችን ከአሳል ጉዞ መልስ ውሳኔዋን ሰጠች። የ«ደመና አምባ» ምሥራቃዊ ገደል ከመሬት መሰንጠቅ የመጣ ሆነ። ምዕራቡ ገደሉን ትቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ለም አገር ሆነ። በመሐል አንድ ወንዝ ምሥራቃዊውን ገደል ሰብሮ እንዲወጣ አደረገች። ገና አንድ ጥላ ሳትቀባ ካርታዋ አገር መምሰል ጀመረ።

ከላይ ሲታይ ገደል ስፋት የለውም

እዚህ ላይ ካርታ ሠሪዎችን ሁሉ የሚያስቸግረውን ነገር መናገር ያስፈልጋል። ካርታ መሬትን በቀጥታ ከላይ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ቀጥ ብሎ የቆመን ግድግዳ በቀጥታ ከላይ ብናየው የምናየው ጠርዙን ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። የተማሪያችን ካርታ 2,000 ፒክስል ስፋት ነበረው፤ አገሪቱ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ስፋት እንዳላት ወስናለች። ስለዚህ አንድ ፒክስል 200 ሜትር ነው። 300 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በጣም የቆመ ገደል ከላይ ሲታይ የሚይዘው ስፋት 50 ሜትር ያህል ቢሆን፣ ያ የአንድ ፒክስል ሩብ ነው። ጨርሶ አይታይም። በአንጻሩ በመጀመሪያው ካርታዋ ላይ የነበረው ጥቁር መስመር 10 ፒክስል ውፍረት ነበረው፤ ይህም በመሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህን ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትሠራው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ የሒሳብ መምህራቸውም ስለ መስፈርት ያስተማሩት ትምህርት በአንድ ጊዜ ገባቸው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ማጋነን ነው፤ ነገር ግን አውቆ፣ በልክና በአንድ ሕግ። የስዊዘርላንድ ካርታ ሠሪዎች የአልፕስ ተራሮችን ቋጥኝ ሲሥሉ የገደሉን ፊት ጥቂት ወደ ተመልካቹ ዘንበል እንዳለ አድርገው ያሳያሉ። በዚህ ሙያ እጅግ ከሚጠቀሱት አንዱ የሆነው ኤድዋርድ ኢምሆፍ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ምሁር ዕድሜውን ለዚህ ሥራ አውሏል። ክበባችንም አንድ ሕግ አወጣ፦ 100 ሜትር ከፍታ 4 ፒክስል፣ 200 ሜትር 8 ፒክስል፣ 300 ሜትር 12 ፒክስል። ይህ በካርታው መፍቻ ላይ ተጻፈ። ሕጉ ከታወቀ ማጋነኑ ተመልካቹን አያሳስትም፤ የትኛው ገደል ከየትኛው እንደሚበልጥ በትክክል ይነግረዋል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ተማሪዎቻችን የሚጠቀሙባቸው ጊምፕና ክሪታ የተባሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ በመሆናቸው ማንም ወላጅ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሊጭናቸው ይችላል። ልዩ ብዕር አያስፈልግም፤ ማውስ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

አንደኛ፦ በወረቀት መጀመር። ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት አገሪቱ በእርሳስ ትነደፋለች። የትኛው ወገን ከፍታ፣ የትኛው ዝቅታ ነው? ውኃው ወዴት ይፈስሳል? ገደሉ ከአራቱ ምክንያቶች በየትኛው መጣ? ይህን መመለስ ያልቻለ ተማሪ ወደ ኮምፒውተር አይሄድም።

ሁለተኛ፦ ንብርብሮችን መለየት። ተማሪዎቹ ሌየር የሚሉት እንደ ብርጭቆ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ የሚቀመጥ ገጽ ነው። የመሬቱ ቀለም በአንድ፣ ወንዞች በሌላ፣ የገደሉ አፋፍ በሌላ፣ ጥላው በሌላ፣ ስሞች ከሁሉ በላይ ይቀመጣሉ። ጥላው ቢበላሽ ወንዙ ሳይነካ ጥላው ብቻ ይደመሰሳል።

ሦስተኛ፦ አፋፉን መሣል። 3 ፒክስል በሆነ ጥቁር ቡናማ ብሩሽ የገደሉ የላይኛው ጠርዝ ይሠመራል። ማስመሪያ የነካው አይምሰል። አፋፍ እዚህ ይሸረፋል፣ እዚያ ወደፊት ይወጣል። በየቦታው ቋጥኝ ተነጥሎ ብቻውን ይቆማል። ገደሉ የሚያልቅበት ጫፍም በድንገት አይቆረጥ፤ እያጠረ፣ እየሳሳ ሄዶ ከቁልቁለቱ ጋር ይቀላቀል።

አራተኛ፦ የቁልቁለት ጭረቶች። ከአፋፉ ወደ ታች አጫጭር መስመሮች ይወርዳሉ። ይህ ዘዴ ከኮምፒውተር ብዙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1799 ዮሐን ጌኦርግ ሌማን የተባለ የሳክሶኒ መኮንን ሥርዓት አበጀለት፦ ጭረቱ ውኃ በሚወርድበት አቅጣጫ ይሠመራል፤ ቁልቁለቱ በበረታ መጠንም ጭረቱ እየወፈረ ይሄዳል። በገደል ላይ ስንጠቀምበት የጭረቱ ርዝመት ከፍታውን በወጣው ሕግ መሠረት ይከተላል። ጭረቶቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል ከሆኑ ግን ያ ግንብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ አንዱ ይርዘም፣ አንዱ ይጠር፣ አንዳንዱም መሐል ላይ ይቋረጥ።

አምስተኛ፦ ብርሃንና ጥላ። በካርታ ሥራ የቆየው ልማድ ብርሃኑ ከግራ፣ ከላይ እንደሚመጣ መቁጠር ነው። ፀሐይ በእርግጥ ከዚያ አቅጣጫ መጣች አልመጣች ሳይሆን፣ የሰው ዓይን ብርሃን ከላይ መምጣቱን ስለለመደ ነው። ተማሪዎቹ ይህን በእኛው ላይ ሞከሩት። የአንድ ሸለቆ ካርታ ገልብጠው ሲያሳዩን ተራራ ነው ብለን መለስን፤ አሁንም ይሥቁብናል። ስለዚህ ወደ ቀኝና ወደ ታች የሚያየው የገደል ፊት ይጨልማል፤ ከሥሩም በሜዳው ላይ ለስላሳ ጥላ ይወድቃል። ወደ ግራና ወደ ላይ የሚያየው ፊት ግን በብርሃን ውስጥ ነው፤ እሱን በቀጫጭን ጭረት ብቻ ማሳየት ነው። የጥላው ሌየር «ማልቲፕላይ» በሚባለው አሠራር ላይ ይደረጋል፤ ያኔ ከሥሩ ያለው የመሬት ቀለም ሳይጠፋ ይጠቁራል። ጥላው ንጹሕ ጥቁር አይሁን፤ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ግራጫ ይሻላል።

ስድስተኛ፦ ግርጌውን አለመርሳት። ከገደል ሥር ሁልጊዜ የወረደ ድንጋይ አለ። ናዳው በየፈፋው አፍ ላይ እንደተገለበጠ እንቅብ ይከመራል፤ የክምሩም ቁልቁለት ብዙውን ጊዜ ከ35 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። በካርታ ላይ ይህ የሚገለጸው በነጠብጣብ ነው፤ ከገደሉ አጠገብ ተለቅ፣ ራቅ ሲል እየደቀቀ። እንደ ጅቡቲ ባለ ደረቅ አገር ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ ከገደሉ አፍ ወጥቶ ጠጠሩን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል። ብዙ የምናብ ካርታዎች የሚጎድላቸው ይህ ነው፤ ገደሉ ሜዳው ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰባተኛ፦ ውኃ። ወንዝ ገደል ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ወይ በፏፏቴ ይወርዳል፣ ወይ ገደሉን ሰብሮ ሸለቆ ይሠራል። ወንዝ ገደሉን እንደሌለ ቆጥሮ ካለፈው ካርታው ወዲያው ይፈርሳል።

ስምንተኛ፦ ሰውና መንገድ። የአሽከርካሪው አባት ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው።

ጨው የጫነው መኪና

ከወላጆች ቀን ከጥቂት ሳምንት በኋላ እኚሁ አባት ከጉዞ ሲመለሱ ወደ ክበቡ እንዲመጡ ጋበዝናቸው። መጀመሪያ፣ «እኔ ምን አውቄ ነው የማስተምረው?» አሉን። ከዚያ ግን የሚሌን፣ የባቲንና የኮምቦልቻን መንገድ፣ ከዚያም ወዲያ በደብረ ሲና አድርጎ የጣርማበርን ዋሻ በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሠሩት። ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣ መንገድ ገደሉን ፊት ለፊት እንደማይገጥም፣ ወንዝ የሰበረውን ወይም ተረተሩ ዝቅ ያለበትን ፈልጎ እንደሚወጣ አስረዱ። ከዳገቱ ሥር ሁልጊዜ ከተማ አለ፤ ሞተር የሚያርፈው፣ ጎማ የሚታየው፣ ሾፌር የሚያድረው እዚያ ነው። ከዳገቱ ራስ ላይም ሌላ ከተማ አለ። መኪና ከመምጣቱ በፊት ግመልና በቅሎ ጨው ጭነው ከአፋር ወደ ደጋ ሲወጡም ነገሩ እንዲሁ ነበር።

ተማሪዎቹ ስሌቱን ሠሩ። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ ቢሆን፣ 300 ሜትር ገደል ለመውጣት 5 ኪሎ ሜትር መንገድ ያስፈልጋል። በካርታቸው 25 ፒክስል ነው። ገደሉ ደግሞ ያን ያህል ቦታ አይሰጥም፤ ስለዚህ መንገዱ መጠማዘዝ አለበት። ያ ጠመዝማዛ ቀጭን መስመር በገደሉ ፊት ላይ ሲሣል፣ ያለ አንድ ተጨማሪ ጥላ፣ ገደሉ በድንገት ከፍ ብሎ ታየ። ዓይን የመንገዱን ድካም ስላየ የገደሉን ከፍታ አመነ። ከሁሉም ዘዴዎች ይህ እጅግ አስገረመን።

ወላጆች ያነሱት ጥያቄ

አንዳንድ ወላጆች ቅሬታቸውን በግልጽ ነግረውናል። «ልጆቻችን የሌለ አገር ካርታ በመሥራት ጊዜያቸውን ለምን ያጠፋሉ?» ብለዋል። ጥያቄው የእኛም ነበር። በዓመቱ አጋማሽ ላይ የክበቡን ሰዓት ለሒሳብ ማጠናከሪያ ልንሰጠው ተቃርበን ነበር። ይህን የምንጽፈው ከመሸፋፈን መናገር ይሻላል ብለን ነው።

ሐሳባችንን የለወጠው በክበቡ ውስጥ ያየነው ነው። መስፈርት፣ መቶኛ፣ ማዕዘንና የኮንቱር መስመር በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ተማሪ ለራሱ አገር መንገድ ሲያወጣ የሚያስባቸው በሌላ ልብ ነው። የምናብ ካርታ ለከንቱ ጨዋታ ብቻ የተፈጠረም አይደለም። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1881 ከእንጀራ ልጁ ጋር የአንዲት ደሴት ካርታ ሠርቶ ነው «ትሬዠር አይላንድ» የተባለውን ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረው። ቶልኪንም የታወቀውን ታሪኩን ሲጽፍ ካርታን መሠረት አድርጎ፣ ሰዎቹ በአንድ ቀን ምን ያህል እንደሚጓዙ እያሰላ ነበር። እውነተኛ መሬትን ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኤንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞ የለካችው የመሬት ከፍታ መረጃ በነጻ ይገኛል፤ የስሜንን ወይም የአሳልን ገደል በኮምፒውተር ከፍቶ ከራሱ ሥራ ጋር ማነጻጸር ይችላል።

ገደብም አስቀምጠናል። በክበቡ ሰዓት ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በኮምፒውተር ነው። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ልጅም ካርታውን የሚሠራው የቤት ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑን ወላጆች እንድትከታተሉልን እናሳስባለን። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይጠፋ በየጊዜው ሴቭ ማድረግን ደግሞ ተማሪዎቹ ከእኛ ሳይሆን ከመብራቱ ተምረውታል።

በግድግዳው ላይ ያለው አዲሱ ካርታ

በዓመቱ መዝጊያ አዲሱ «ደመና አምባ» ተሰቀለ። እንደ ፊተኛው አይደምቅም። ምሥራቃዊው ገደል በሦስት ደረጃ ይወርዳል፤ ከሥሩ ናዳ ተከምሯል፤ ወንዙ የሰበረው በር ላይ መንገዱ ሰባት ጊዜ ተጠማዝዞ ይወጣል። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟ «ጨው በር» ነው። አባትየው መጥተው በጣታቸው መንገዱን ከሥር እስከ ላይ ተከተሉት። አራተኛው መታጠፊያ ላይ ቆም አሉና፣ «እዚህ ጋ ሰፋ አድርጊልኝ፣ ሁለት ተሳቢ አይተላለፍም» አሏት። ተማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ከአጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ ለጓደኞቹ፣ «አባቴ ነው ያስተማራቸው» ሲል ሰማነው።

ውድ ወላጆች፣ ከልጆቻችን ብዙዎቹ የእናት አገራቸውን ተራራና ገደል የሚያውቁት ከእናንተ አፍ ነው። ገደል የወጣችሁ፣ ወንዝ የተሻገራችሁ፣ በዚያ መንገድ ያደራችሁ እናንተ ናችሁ። «እኔ ምን አውቄ» አትበሉ፤ በመጪው ዓመት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራችን ክፍት ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ስትሥሉ ሁልጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ከየት መጣ? ውኃው ወዴት ይሄዳል? ሰው በየት በኩል ይወጣል? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ካርታችሁም አንድ ቀን አገር ይሆናል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።